በንጉሥና በገበሬ መካከል፤ የደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞሮዳ ሕይወት

መንግሥትና ገበሬ የሚገናኙባቸው በሮች ሁለት ናቸው። በአንደኛው በር መንግሥት ከገበሬው ይወስዳል፤ በሁለተኛው በር ለገበሬው ይሰጣል። በዘመናችን አዘውትሮ የሚነገረው ስለ ሁለተኛው ነው። በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ በናረ ጊዜ መንግሥት ለድጎማ 15 ቢሊዮን ብር መመደቡ ተነግሮ ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ ገንዘቡ ከገበሬው ማሳ ይደርሳል ወይስ በመንገድ ይቀራል ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አዲስ ግን አይደለም። ሁለተኛው በር ገና ሳይከፈት፣ አንደኛው ብቻ ወለል ብሎ በነበረበት ዘመንም ይኸው ጥያቄ ነበረ። ልዩነቱ ያን ጊዜ ጭነቱ የሚሄደው ከታች ወደ ላይ መሆኑ ነው።

በሁለቱም በሮች ላይ ሁል ጊዜ አንድ ሰው ቆሞ ይገኛል። የሚሰፍረው፣ የሚቆጥረውና የሚጽፈው እርሱ ነው። ላይ ያለው የታችኛውን የሚያውቀው በርሱ ቃል ነው፤ ታች ያለውም የላይኛውን የሚያየው በርሱ ፊት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር የያዝን ወጣቶች፣ ሥራችን ትንሽም ቢሆን፣ ከዚህ ሰው ወገን ነን። ስለዚህ ዛሬ በዚሁ ቦታ ከሠላሳ ዓመት በላይ የቆሙትን የአንድ ታላቅ ሰው ሕይወት ለመተረክ አስበናል። እኚህም የሌቃ ነቀምቱ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ሞሮዳ ናቸው። አባታቸው ያወጡላቸው ስም ኩምሳ ነው፤ ያገራቸውም ሰው እስከ ዛሬ የሚያስታውሳቸው ኩምሳ ሞሮዳ እያለ ነው።

ነቀምት ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ከርሷ ወደ ምዕራብ ወርዶ የዴዴሳን ቆላ የተሻገረ መንገደኛ ጊምቢን፣ ነጆንና መንዲን ያገኛል። በስተ ሰሜን ምሥራቅ የሆሮ ጉድሩ ደጋ ከነሻምቡ ተዘርግቷል፤ በስተ ደቡብ አርጆ አለች፤ እጅግ ርቆ ወደ ሱዳን ጠረፍ ደግሞ ደምቢ ዶሎ ትገኛለች። አገሩ ዝናብ የማይነፍገው፣ አፈሩ ቀይ፣ ጫካው ማር የሞላበት ነው። በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ማሽላ፣ ጤፍና ኑግ ያበቅላል፤ ቡናውም በየጓሮው ነው። በምዕራብ በኩል ከወንዞቹ አሸዋ ውስጥ ወርቅ ይታጠባል። እንግዲህ እንዲህ ያለ አገር ለገዥዎች ዓይን የማይሰወር መሆኑ ግልጽ ነው።

በዚህ አገር የሚኖሩት የሌቃ ኦሮሞዎች በቀድሞው ዘመን የሚተዳደሩት በገዳ ሥርዓት ነበር። በሥርዓቱ መሠረት የጦር መሪው አባ ዱላ ይባላል፤ ሥልጣኑም በጊዜ የተወሰነ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግን የኩምሳ አያት በከሬ ጎዳና በጦርነት ኀይልና በንግድ ሀብት እየበረቱ ሄደው፣ በየተራ ይያዝ የነበረውን ሹመት የቤታቸው ርስት አደረጉት። በከሬም ሲሞቱ ልጃቸው ሞሮዳ ወረሱ። በዚያን ጊዜ በሌቃ ምድር የቢሎ ገበያ ስሙ የገነነ ነበር። ከጎጃምና ከሸዋ የሚመጣው ነጋዴ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይዞ ይወርዳል፤ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ጭኖ ይመለሳል። በዚሁ መንገድ ባሪያም ይነዳ እንደ ነበረ ሳንናገር ብናልፍ ታሪኩን ማሳመር ይሆንብናል። የገበያውና የመንገዱ ቀረጥ የበከሬን ቤት ያከበረው አንዱ ምንጭ ነበር።

ሞሮዳ በሁለት ታላላቅ ኀይሎች መካከል የወደቁ ሰው ነበሩ። ከሰሜን በኩል የጎጃሙ ራስ አዳል፣ በኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተባሉት፣ ዓባይን እየተሻገሩ ያስገብራሉ። ከምሥራቅ በኩል ደግሞ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር በራስ ጎበና ዳጬ መሪነት ይገሰግሳል። ሞሮዳ መጀመሪያ ለጎጃም ገብረው ነበር፤ ኋላ ግን ወደ ጎበና አዘነበሉ። በ1874 ዓ.ም. የሸዋና የጎጃም ጦር በሆሮ ጉድሩ በእምባቦ ሜዳ ተገናኘ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ፤ ከዓባይ በስተ ደቡብ ያለው አገር ዕድልም በዚያ ቀን ተወሰነ። ሞሮዳም ያለ ተጨማሪ ጦርነት ለምኒልክ ገቡ፤ የደጃዝማችነትም ማዕርግ ተሰጣቸው።

በሰላም የመግባታቸው ትርጉም ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የጎረቤቶቻቸውን ዕጣ መመልከት ይበቃል። በጦር የተያዘው አገር ሹም ከማዕከል ይላክበታል፤ ወታደር ይሰፍርበታል፤ ለያንዳንዱም ወታደር እንደ ማዕርጉ ገባሮች ይመደቡለታል። ገባሩ እህሉን ይሰጣል፤ እንጨት ይለቅማል፤ ዱቄት ያስፈጫል፤ አጥር ያጥራል፤ ባለቤቱ ሲዘምት ስንቅ ይሸከማል። በሰላም የገባው አገር ግን ዓመታዊ ቁርጥ ግብር እየከፈለ በገዛ ባላባቱ ይተዳደራል። ይህን ዕድል ያገኙት ጥቂቶች ናቸው፤ የጅማው አባ ጅፋር፣ የሌቃ ነቀምቱ ሞሮዳ፣ የሌቃ ቄለሙ ጆቴ ቱሉ፣ ኋላም የቤኒ ሻንጉል ሼኾች። በሌቃ ነቀምት ዘንድ ግብሩ የነፃነት ዋጋ ነበር ማለት ይቻላል። ዋጋው በያመቱ እስካልተጓደለ ድረስ የሰፋሪ ወታደር ፈረስ በገበሬው ማሳ አይሰማራም።

ኩምሳ ያደጉት ይህን እያዩ ነው። ክርስትና ሲነሡ አበ ልጅ የሆኗቸው ራሳቸው ምኒልክ ናቸው፤ የክርስትና ስማቸውም ገብረ እግዚአብሔር ተባለ። የክርስትና ልጅነት በዚያ ዘመን የመንግሥት ውል ያህል የጸና ነገር ነበር። አባታቸው ደጃዝማች ሞሮዳ በ1881 ዓ.ም. ግድም ሲሞቱ፣ ገና ወጣት የነበሩት ኩምሳ በአባታቸው አልጋ ተቀመጡ። ምኒልክም በዚያው ሰሞን የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ ደፉ።

ወቅቱ ግን ለማንም ሹመት የማይመች ነበር። በ1880 ዓ.ም. ግድም በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ አገሩን ከዳር እስከ ዳር አዳርሶ፣ በብዙዎች ግምት ከመቶ ዘጠና የሚያህለውን ከብት ፈጀው። በሬው ሲያልቅ እርሻው ቆመ፤ እርሻው ሲቆም ረኃብ ሆነ፤ ክፉ ቀን የሚባለውም ይህ ነው። አፄ ምኒልክ ጎተራቸውን ከፍተው ለረኃብተኛው አደሉ። መኳንንቱ በእጅ መቆፈርን እንዳይንቁ ብለው ራሳቸው ዶማ ይዘው ሲቆፍሩ መታየታቸው በታሪክ ተጽፏል፤ ለሕዝቡም መቆፈሪያ እንዲሰጥ አዘዋል። መንግሥት ለገበሬ የሚሰጥበት ሁለተኛው በር በኢትዮጵያ ታሪክ ጎልቶ ሲከፈት ከምናይባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ይህ ነው። በሬ ለሌለው ገበሬ ዶማ መስጠት ያን ጊዜ ከወርቅ የሚበልጥ ድጎማ ነበር።

ከረኃቡም አንድ ትምህርት ተገኘ። ወታደር በገበሬ ቤት እየተመራ እንጀራ የሚበላበት ልማድ ገበሬውን እንዳራቆተው ንጉሠ ነገሥቱ ተረድተው፣ በ1885 ዓ.ም. አሥራትን በዐዋጅ ደነገጉ። ገበሬው ካመረተው ከአሥር አንዱን ለመንግሥት ጎተራ ያስገባል፤ ወታደሩም ቀለቡን ከጎተራ ይቀበላል ተባለ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን አሥራት የሚገምተው ሹም እስኪመጣ ድረስ ገበሬው አዝመራውን እንዳያነሣ ሲከለከል፣ ሹሙ ሲዘገይ እህሉ በዝናብና በምስጥ ሲበላሽ፣ ግምቱም ከምርቱ በላይ ሲሆን፣ ከአሥር አንዱ በብዙ ቦታ ከዚያ እየበለጠ ሄደ። ዐዋጅ የወጣበትና ዐዋጅ የደረሰበት ቦታ አንድ እንዳልሆነ የሚያስረዳ የመጀመሪያው ምሳሌያችን ይህ ነው።

አሁን ወደ ነቀምት እንመለስ። ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ግዛታቸውን ያስተዳድሩ የነበረው በአባ ቆሮዎች አማካይነት ነበር። አባ ቆሮ ማለት የአንድ ወረዳ ያህል አገር የሚያዝ ባላባት ነው፤ ከርሱ በታች ደግሞ በየመንደሩ ትንንሾቹ ሹማምንት አሉ። ደጃዝማቹ ከአዲስ አበባ የታዘዘውን ግብር ለአባ ቆሮዎቹ ያካፍላሉ፤ አባ ቆሮው ለመንደር ሹሞቹ ያካፍላል፤ የመንደር ሹሙም በየጎጆው ደጃፍ ይቆማል። ግብሩ የሚሰበሰበው ከታች ጀምሮ ነው፤ በእያንዳንዱ ደረጃም ላይ ያለው ሰው የራሱ ቤት፣ የራሱ ግብዣ፣ የራሱ ወጪ አለው። ስለዚህ ከላይ አንድ ሆኖ የወረደው ትእዛዝ ከገበሬው ዘንድ ሲደርስ አንድ ሆኖ አይቀርም።

የግብሩ ዋና ነገር ወርቅ ነበር። የዝሆን ጥርስ፣ ማር፣ ቡና፣ ፈረስና በቅሎ ሁሉ ይላክ ነበር፤ ነገር ግን ቤተ መንግሥቱ ከወለጋ አጥብቆ የሚፈልገው ወርቅ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ነፃነቱን ለመጠበቅ ከአውሮፓ ጠመንጃ የሚገዛ መንግሥት፣ በባሕር ማዶ የሚታመን ዋጋ ያስፈልገዋል። የወርቅ መለኪያው ወቄት ነው፤ አንዱ ወቄት የአንድ ማርያ ቴሬዛ ብር ክብደት፣ ማለት 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ወርቁን የሚያጥበው ሰው አዝመራው ከገባ በኋላ ወደ ወንዝ ወርዶ፣ አሸዋውን በገበታ እያጠበ ቅንጣቷን ይለቅማል። አንድ ወቄት ለመሙላት ብዙ ቀን ውሃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ መዋል አለበት።

ችግሩ ወርቁ የሚገኘው በሁሉም ቦታ አለመሆኑ ነው። በነጆ በኩልና ከዳቡስ ማዶ በቤኒ ሻንጉል ወርቅ ሲኖር፣ በነቀምት ዙሪያ ያለው ገበሬ ያለው ዳጉሳና ማር ነው። ስለዚህ እህሉን፣ ማሩን ወይም ከብቱን በገበያ ሸጦ ብር ያገኛል፤ ብሩም ለወርቁ መግዣ ይሄዳል። የወርቅ ዋጋ ሲወደድ የገበሬው ዳጉሳ አብሮ አይወደድም። ከዚህም የተነሣ በዓለም ገበያ ስሙን ሰምቶት የማያውቅ አንድ የሌቃ ገበሬ፣ የዓለምን ገበያ ሸክም በትከሻው ይሸከም ነበር። ዛሬ የማዳበሪያ ዋጋ ከባሕር ማዶ ተነሥቶ የወለጋን በቆሎ ዘሪ እንዴት እንደሚነካው የምናይ ሰዎች ይህን ለመረዳት አይከብደንም።

የወርቁ ጥያቄ ደጃዝማቹን ወደ ምዕራብ ወሰዳቸው። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን ወደ ቤኒ ሻንጉል ሲዘምቱ፣ የሌቃዎቹ መኳንንት ከነጦራቸው አብረው ተሰልፈዋል። አገሩም ከተያዘ በኋላ በግብር ሰጭነት ስማቸው የገነነው ሼኽ ኾጀሌ ናቸው። በዘመቻው የተነዱት ሰዎችና የነደደው መንደር ከወርቁ ጋር መቆጠር አለባቸው። የአንዱ አገር ገበሬ ግብር እንዲቀልለት የሌላው አገር ሰው መከራ ማየቱ የዚያ ዘመን አንዱ መራራ ሂሳብ ነው።

ከዚህ በላይ የተናገርነው ሁሉ ደጃዝማቹን ጨካኝ ሰው ያስመስላቸው ይሆናል። ይህ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ገብረ እግዚአብሔር ዓይናቸው የተከፈተ ገዥ ነበሩ። ኦኔሲሞስ ነሲብ የተባሉት በልጅነታቸው ለባርነት የተሸጡ፣ በምጽዋ ነፃ ወጥተው የተማሩ፣ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ በ1891 ዓ.ም. ያሳተሙ ሰው ናቸው። እኚህ ሰው በ1896 ዓ.ም. ነቀምት ሲገቡ የተቀበሏቸውና ትምህርት ቤት እንዲከፍቱ የረዷቸው ደጃዝማቹ ናቸው። ኋላ ካህናት ኦኔሲሞስን ከስሰው ነገሩ እስከ አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜም፣ ነቀምት የተዘራው የፊደል ዘር ፈጽሞ አልጠፋም። በራሱ ቋንቋ ማንበብ የለመደ ሕዝብ ውሎ አድሮ የግብሩንም ደረሰኝ ማንበቡ አይቀርምና፣ ይህ ለገበሬው ከተከፈቱት በሮች እንደ አንዱ ሊቆጠር ይገባል።

ንግዱም በዘመናቸው ሰፋ። ከ1896 ዓ.ም. ጀምሮ በባሮ ወንዝ ላይ የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሲቋቋም፣ የምዕራቡ አገር ቡና በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን መውረድ ጀመረ። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው የቅፍለት መንገድ በነቀምት ላይ ያልፋል። ነቀምትም የጦር ሰፈር ከመሆን አልፋ የነጋዴ ከተማ ሆነች።

ከሁሉ ይልቅ ግን የደጃዝማቹን ቤት ልዩ የሚያደርገው አንድ ልማድ ነው። ይጽፉና ያስጽፉ ነበር፤ የተጻፈውንም አይጥሉም ነበር። ከንጉሠ ነገሥቱና ከመኳንንቱ የመጡት ደብዳቤዎች፣ የግብር መዝገቦችና የሂሳብ ወረቀቶች በቤታቸው ተጠብቀው ኖሩ። ብዙዎቹ መኳንንት ያላደረጉት ይህ ነው። ከጊዜ በኋላ ጣልያናዊው የታሪክ ሊቅ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና የወለጋ ታሪክ ተመራማሪው ተሰማ ታኣ እነዚህን ወረቀቶች አሰናድተው በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳተሟቸው። ስለ ግብር፣ ስለ ወርቅና ስለ መሬት ዛሬ ስለ ሌቃ የምናውቀው ብዙው ነገር ከዚህ የተገኘ ነው።

የወረቀቶቹን መኖር ስናስብ አንድ ነገር ይገርመናል። መዝገቡ የተጻፈው ለላይኛው መልስ ለመስጠት ነበር። የተላከው ልክ መሆኑን፣ የቀረው ለምን እንደ ቀረ ለማስረዳት ነበር። ዘመን ሲያልፍ ግን ያው መዝገብ ለታችኛው መሰከረ። ከየት ምን ያህል እንደ ተወሰደ፣ በስንት እጅ እንዳለፈ ዛሬ የምንናገረው ያ የደጃዝማቹ ጸሐፊ ቁጥሩን ሳይዘልል ስለ ጻፈ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ፋይል የምትሞሉ ወጣቶች ሥራችሁ አሰልቺ በሚመስላችሁ ሰዓት ይህን ብታስታውሱ መልካም ነው።

በደጃዝማቹ ዘመን የገበሬውን ኑሮ ከመሠረቱ የለወጠው ነገር ግን ቀላድ ነው። ከሸዋ የተጀመረው የመሬት ልኬት በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ወደ ሌቃ ነቀምት ደረሰ። መሬቱ በገመድ ተለክቶ በጋሻ ተከፈለ፤ አንዱ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለም በሦስት ደረጃ ተመደበ። ለመንግሥት ይህ ታላቅ መሻሻል ነበር፤ የማን መሬት የት እንዳለና ምን ያህል ግብር እንዳለበት በመዝገብ ይታወቃልና። ለገበሬው ግን ሌላ ትርጉም ነበረው። አያቱ መንጥሮ ያቀናውን መሬት በልማድ ሲያርስ የኖረ ሰው፣ ገመዱ ሲዘረጋ ስሙን በመዝገብ ካላስጻፈ መሬቱ የሌላ ሆኖ ያገኘዋል። መሬት ለማስጻፍ ብርና የሹም ፊት ያስፈልጋል። ሁለቱም ያላቸው የደጃዝማቹ ወገኖችና አባ ቆሮዎቹ ናቸው። ስለዚህ ብዙው ገበሬ ትናንት በኖረበት ጎጆ ሳለ፣ ዛሬ ቁብሲሳ፣ ማለት የሌላ ሰው ጭሰኛ ሆኖ አደረ።

የደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔርን ሕይወት የምንመዝንበት ሚዛን እዚህ ላይ ይገኛል ብለን እናስባለን። ከላይ ሲታይ ሥራቸው የተሳካ ነው። ቁርጡን ግብር በመክፈል አገራቸውን ከሰፋሪ ወታደር ጠብቀዋል። የአባታቸውን ቤት አላስፈረሱም። ጆቴ ቱሉ የቄለምን ራስ ገዝነት ሲያጡ፣ የጅማም ራስ ገዝነት በ1924 ዓ.ም. ሲያከትም፣ የነቀምት አልጋ ግን ለልጃቸው ለደጃዝማች ሀብተ ማርያም ተላልፏል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ብልኅነትና ትዕግሥት፣ አንዳንድ ጊዜም ውርደትን መዋጥ የሚጠይቅ ነው።

ከታች ሲታይ ግን ቁርጡ ግብር ቁርጥ የነበረው በአዲስ አበባና በነቀምት መካከል ብቻ ነው። ከነቀምት በታች አልተቆረጠም። ንጉሠ ነገሥቱ ተጨማሪ ሲጠይቁ ደጃዝማቹ ለአባ ቆሮው ያወርዱታል፤ አባ ቆሮው ለገበሬው ያወርደዋል፤ ገበሬው ግን የሚያወርድበት የለውም። ሸክምን ወደ ታች የማሸጋገር መንገድ ሁሉ የሚያበቃው ሞፈር ከጨበጠው እጅ ላይ ነው። ደጃዝማቹ ለላይኛው ያደረጉትን ጥንቃቄ፣ ማለት ይህን ያህል ከፍዬ ከዚህ በላይ አልጠየቅም የሚለውን ውል፣ ለታችኛው አላደረጉለትም። ምናልባት በዘመናቸው እንዲህ ያለ ውል ለገበሬ ይገባል ብሎ የሚያስብ መኰንን ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። ቢሆንም የሌቃን ገበሬ ቁብሲሳ ያደረገው ከሩቅ የመጣ ወታደር ሳይሆን የገዛ ባላባቱ መሆኑ ከሕይወታቸው የማይፋቅ ነገር ነው።

ይኸው ነገር ከርሳቸው በኋላም ደጋግሞ ታየ። በ1937 ዓ.ም. መንግሥት አሥራትን በገንዘብ ለወጠ። በአንድ ለም ጋሻ ላይ 15 ብር የመሬት ግብርና 35 ብር በአሥራት ፈንታ፣ በለም ጠፍ ላይ 10 እና 30፣ በጠፍ ላይ 5 እና 10 ብር እንዲከፈል ተደነገገ። ባለርስቱ ለመንግሥት የሚከፍለው ተቆረጠ። ብዙው ባለርስት ግን ከጭሰኛው ላይ እንደ ድሮው ካመረተው ከአሥር አንዱን በዓይነት መቀበሉን አልተወም፤ ልዩነቱም በእጁ ቀረ። እንደገና ከላይ ቁርጥ፣ ከታች ልቅ ሆነ። አሥራቱ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ተተክቶ ቀረ፤ የጭሰኝነቱም ሥርዓት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ አከተመ።

ዛሬ በነቀምት ከተማ የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት ቆሞ ይታያል። ግቢው ሰፊ ነው፤ ለልዩ ልዩ አገልግሎት የተሠሩ በርከት ያሉ ቤቶች አሉበት። እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ባለቤቱ ክብር ነው። እኛ ግን ሐሳባችን ወደ በሩ ይሄዳል። በዚያ በር የገባው ማር፣ ቡናና ብር ሁሉ ከየትኛው ጎጆ እንደ ተነሣ፣ የጎጆውም ባለቤት ለልጆቹ ምን ያህል እንደ ተረፈው ማሰብ ግድ ይሆንብናል።

ዛሬ ጭነቱ የሚሄድበት አቅጣጫ ተለውጧል። ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ ከወደብ ተነሥቶ፣ በዩኒየንና በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል አልፎ ወደ ገበሬው ይወርዳል። በወለጋ ባለፉት ዓመታት የደረሰው የጸጥታ ችግር ደግሞ መንገዱን ይበልጥ አክብዶታል። ነገር ግን ፈተናው ያው የደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ፈተና ነው። ድጎማው ከላይ በቢሊዮን ሲቆረጥ፣ ከታች በኩንታል የሚከፈለው ዋጋም እንዲሁ ቁርጥ ሆኖ ይጠብቃል ወይ? የወረደው በስንት እጅ አለፈ? በየእጁስ ምን ያህል ቀረ? ይህን የሚመልሰው ዐዋጁ አይደለም። በየወረዳው ተቀምጦ የሚሰፍረው፣ የሚቆጥረውና የሚጽፈው ሰው ነው።

ደጃዝማቹ በቦታቸው ላይ ሳሉ ለላይኛው የታመኑ ነበሩ፤ የጻፉትንም ጠብቀው ለእኛ አቆዩልን። ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። እኛ ከርሳቸው የሚተርፈን አንድ ነገር ቢኖር መዝገቡን ወደ ታች ማዞር ነው። ለንጉሡ ሲባል የተጻፈው ቁጥር ከመቶ ዓመት በኋላ ለገበሬው ከመሰከረ፣ ዛሬውኑ ለገበሬው ተብሎ የሚጻፍ ቁጥር ምን ያህል በጠቀመ ነበር! በወረዳው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ የኩንታሉ ዋጋ በትክክል ተጽፎ ቢለጠፍ፣ ከዳጉሳ ማሳው መጥቶ ቆሞ የሚያነበው አንድ ገበሬ ቢገኝ፣ ያን ጊዜ ቁርጡ ከታችም ቁርጥ ሆነ እንላለን።